ለወፍ መምህራችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበር፣ ለጣርማበርና ለመንዝ ልጆች በሙሉ። ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ሰው ሲበድለን በማግስቱ አደባባይ እንወጣለን፤ ሰው መልካም ሲያደርግልን ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን በር ላይ እንለያያለን። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ቡና ላይ ያላችሁ ታገሱኝ።

ጉዳዩ የወፍ ነው። አትሳቁ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወፍ መለየትና የተፈጥሮ ፎቶ ማንሳት የሚያስተምር ልጅ አለ። ልጅ ስል ከእኔ ዕድሜ አንጻር ነው እንጂ የልጆች አባት ነው። ቅዳሜና እሁድ ጥቂት ሰው ይዞ ይወጣል፤ አንዴ በሬሳ ወንዝ ዳር፣ አንዴ አንኮበር፣ አንዴ ጓሳ። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ለምኖኛል። ከዚህ ቀደም አንድ ሰው ቁጥሩን በአደባባይ ለጥፎበት «በቀቀን ስንት ነው? ዶሮስ ታመጣለህ?» የሚሉ ሰዎች እንቅልፍ ነስተውታል። የምር የሚፈልግ ለእኔ በውስጥ ይጻፍልኝ፤ እሰጣለሁ።

ስለራሴ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ለምን እንዲህ እንደማመሰግን አይገባችሁም። ዘመኔን የጨረስኩት ጩኸታም ማሽን አጠገብ ነው። ግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆየ። ቀኙ ይሰማል፤ ግን ቀጭን ድምፅ አይዝልኝም። የስልክ ጥሪ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የወፍ ዝማሬ፣ እነዚህ ሁሉ ከእኔ ዘንድ ጠፍተዋል። ጡረታ ስወጣ ውጭ ያለችው ልጄ ካሜራ ላከችልኝ። «እማዬ ቤት አትቀመጪ፣ ውጪና የምትወጂውን አንሺ» አለችኝ። የምወደው ምን እንደሆነ ሳስብ ግቢዬ ያለው የኮሶ ዛፍ ትዝ አለኝ። ወፎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ አያለሁ፣ ድምፃቸው ግን አይመጣም። እነማን እንደሆኑ እንኳ ልወቅ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አዲስ አበባ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፤ የሄደ ያውቀዋል። የከፈልኩት ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል። አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠውን፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ግድግዳ ላይ የካሜራ ቁጥር ሲያሳዩን ዋሉ። አፐርቸር፣ አይኤስኦ፣ ሌላም ሌላም። አሠልጣኙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሚናገረው። እኔ ደግሞ የሰው ከንፈር ካላየሁ ግማሹ ያመልጠኛል። እጄን አውጥቼ «ልጄ፣ እባክህ ወደ እኛ ዞረህ ድገምልኝ» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማማ፣ ይሄ እኮ ለወጣቶች የተዘጋጀ ነው፤ ልጅዎን ቢልኩ ይሻል ነበር።» አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ዋልኩ። ሲያበቃ በፕላስቲክ የተለበጠ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። «የተፈጥሮ ፎቶግራፍ» ይላል። ያን ቀን ያየሁት ተፈጥሮ መስኮቱ ላይ ያረፈች አንዲት ዋኖስ ብቻ ናት። እሷንም ማንም አላሳየኝም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። «የወፍ ጉብኝት ከባለሙያ ጋር» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ተመዘገብኩ። ንጋት ላይ እንነሳለን ተባለ፤ ሰው ሲለቃቀም፣ ቁርስ ሲበላ፣ ነዳጅ ሲሞላ ቦታው የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ባለሙያ የተባለው ሰውዬ ትንንሹን ሁሉ «ድንቢጥ»፣ ትልልቁን ሁሉ «ንስር» እያለ ያልፋል። ከዚያ በስልኩ የወፍ ድምፅ ከፍቶ በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ለእኔ ባይሰማኝም ወፏን አየኋት። ተቀናቃኝ ግዛቷ የገባባት መስሏት ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች፣ ላባዋን እየነፋች ስትቃጠል ሌላው በካሜራው ያጨናንቃታል። አልበቃ ብሏቸው ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ አገኙ። ከፊቱ ያለውን ቅጠልና ቅርንጫፍ «ይከልለናል» ብለው በቢላ መለመሉት። ነገ ቁራ ሲመጣ፣ ፀሐዩ ሲበረታ እነዚያ ጫጩቶች ምን ይሆናሉ? «ተው፣ ግፍ ነው» ብዬ ጮኽኩ። «እናት፣ አይጨነቁ» አሉኝ። እግዜር ይይላቸው። ወደ ቤት ስመለስ ካሜራውን ከቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቅዬ «ይብቃኝ» አልኩ።

ስለዚህኛው ልጅ የነገረችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አላመንኳትም። «አንድ ቀን ብቻ፣ ካልወደዱት እኔ እከፍልልዎታለሁ» ብላ አስማለችኝ።

በቀጠሮው በበሬሳ ዳር ካለው ረግረጋማ መስክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተገናኘን። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ጣት አይታዘዝም። የመጀመሪያ ቃሉ «ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱልኝ» ነበር። በሆዴ «ደግሞ ሌላ ጉድ» አልኩ። ለየሰዉ የትምህርት ቤት ደብተርና እርሳስ አደለ። «ዛሬ የወፍ ስም አልነግራችሁም» አለ። «የምታዩትን ትጽፋላችሁ። ከድንቢጥ ትበልጣለች ወይስ ታንሳለች? ምንቃሯ እንደ እህል ለቃሚ ወፍራም ነው ወይስ እንደ ትል ለቃሚ ቀጭን? ጅራቷን ምን ታደርገዋለች? የት ቆማለች? ምን እየሠራች ነው? ቀለሟን በመጨረሻ ጻፉ፤ ቀለም በብርሃን ይዋሻል።»

አንድ ቁራ መጥቶ አጥር ላይ አረፈ። ሁላችንም በአንድ አፍ «ቁራ!» አልን። «እንዴት አወቃችሁ?» አለ። ጸጥ። ዕድሜ ልኬን ከሥጋ ቤት ደጅ የማየው ወፍ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት እንዳለው፣ ምንቃሩ እንዲያ ወፍራምና ቆልማማ እንደሆነ ያን ቀን ገና አየሁ። ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ በየትም ዓለም እንደማይኖር ሲነግረን ጎረምሶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ መስኩ ላይ አንገቱን ወደ ጀርባው አጥፎ ኮራ ብሎ ሣር የሚግጥ ዝይ አሳየን። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው፤ እሱም የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ሲበር ክንፉ ላይ ያለው ሰማያዊ ካልታየ በቀር ቆሞ ሲታይ ግራጫ ነገር ነው። እኛ ከብት ስናሠማራ ከነዚህ ዝይዎች ጋር ነው ያደግነው፤ ማን «ዝይ» ከማለት አልፎ አይቷቸው ያውቃል?

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ነገር ልንገራችሁ።

ስለ ጆሮዬ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ከአዳራሹ ሳቅ በኋላ ምን ብዬ ልናገር? ጥቂት እንደተጓዝን ግን ልጁ አካሄዱን ለወጠ። ከግራዬ ተነስቶ ወደ ቀኜ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከቀኜ አልተለየም። አልጮኸብኝም፣ «ይሰማዎታል ወይ?» ብሎም ሰው መሃል አላሳፈረኝም። ሲናገር ቆም ይልና ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፤ ለሌሎቹ የሚያስረዳ እየመሰለ ነው። ወፍ ስትዘምር ደግሞ በእርሳሱ ጫፍ ደብተሬን ይነካካዋል። ጠ፣ ጠ፣ ጠጠጠ፤ ከዚያ ረጅም መስመር ወደ ታች ያሰምራል። መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ሣሩ መሃል ቆማ የምትዘምረውን ወፍ በእርሳሱ ጠቆመኝ፤ ጉሮሮዋ እንደ እርድ ብጫ ነው፣ ዙሪያውን ጥቁር ማተብ አስራለች። ምንቃሯ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ እርሳሱ ደብተሬ ላይ ሲነካካ፣ አንድ ላይ ሆኑ። ዝማሬዋን እያሳየኝ ነበር።

እንባዬ መጣ። በውርጩ አሳበብኩ።

ቀስ ብሎ «እትዬ፣ እርስዎ በጆሮ አይፈልጉ» አለኝ። «እኛ ድምፅ ሰምተን ወደዚያ ስንዞር በሌላ በኩል ያለው ያመልጠናል። እርስዎ እንቅስቃሴ ይጠብቁ።» እንዲህ ያለ አስተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዶክተር እንኳ ሲያናግረኝ ይጮኽብኛል እንጂ ወደ ቀኜ ዞሮ አያውቅም።

የአንኮበሩን ቀን ሳልተርክ ብቀር ይቆጨኛል። እኔ የአንኮበር ግርጌ ልጅ ነኝ። በልጅነታችን ገደሉ ሥር ስንጫወት ከላይ አጥንት ሲወድቅ እየጮኽን እንሸሽ ነበር፤ ጢማሙ ጥንብ አንሳ አጥንት ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየለቀቀ ሰብሮ እንደሚበላ አባቴ ያሳየኝ ያኔ ነው። ስለ ነገሥታቱ ግቢ፣ ስለ ሣህለ ሥላሴ፣ ስለ ምኒልክ ስንሰማ አድገናል። በአንኮበር ስም የምትጠራ ወፍ እንዳለች ግን ነጋሪ አልነበረኝም። የውጭ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያው አግኝቷት በ1979 ለሳይንስ ተመዘገበች፤ የአንኮበር ሴሪን ይሏታል። የምትኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ገደላገደል ላይ ብቻ ነው። አገሬ በዓለም መጻሕፍት ውስጥ በወፍ ስም ስትጠራ እኔ አላውቅም!

ገደሉ አፉን ከፍቶ ቆላው ቁልቁል ከሚታይበት ስንደርስ ጉም ከታች እየተነሳ መጥቶ ዋጠን። አጠገቤ የቆመው ሰው አይታይም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወንድማችን «በቃ ከሰርን፣ እንመለስ» ይላል። መምህራችን ጋቢውን ተከናንቦ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጉሙ ይውጣ። ሴሪኖቹ መሬት ለመሬት ነው የሚለቅሙት፤ እኛ ከቆምን አይመጡም፣ ከተቀመጥን ይመጣሉ» አለ። ተቀመጥን። ቆሎ ተቋደስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጉሙ ሳሳ ሲል እርሳሱ ደብተሬን መታ መታ አደረገኝ፤ ድምፃቸውን ሰምቷል ማለት ነው። ሁሉም ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። እኔ እንደነገረኝ መሬት መሬቱን አያለሁ። ከገደሉ ጫፍ ድንጋዮቹ መካከል አፈሩ ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ልብ ብዬ ሳይ አፈር አይደለም። ግራጫና ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ጭረት ጭረት ያለባት፣ ከአፈሩ የማትለይ ትንሽ ወፍ ናት። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ ብዙ። እጁን ያዝኩትና ጠቆምኩት።

«እትዬ አገኙልን!» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ፣ ልጅዎን ይላኩ የተባልኩት እኔ! ያ አሠልጣኝ ቆሞ ቢያየኝ ደስ ባለኝ።

ወፏ ቆንጆ አይደለችም፤ እውነቱን ልናገር። ያ «ባለሙያ» ቢሆን «ድንቢጥ» ብሎ ያልፋት ነበር። ይህ ልጅ ግን ለእሷ ሲል ጉም ውስጥ ይቀመጣል፤ እኛንም አስቀመጠን። ማንም እንዳይጠጋቸው፣ ማንም እንዳይነሳ ከለከለ። እየለቀሙ እየለቀሙ ራሳቸው ወደ እኛ ቀረቡ። አንድም ጠጠር ሳይወረወር፣ አንድም ድምፅ ማጉያ ሳይከፈት።

ፎቶውንስ? ትሉ ይሆናል። ስለ ካሜራው ዛሬም ብዙ አልገባኝም። የሚሽከረከረውን ነገር አንድ ቦታ ላይ አድርጎ በፕላስተር ለጠፈልኝና «ለጊዜው አይንኩት» አለኝ፤ እኔም አልነካሁትም። ያስተማረኝ ሌላ ነገር ነው። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ እንድቆም፣ በወፏ ቁመት ልክ ዝቅ እንድል፣ ዓይኗ እስኪጠራ እንድጠብቅ፣ ስትናደድ ወይም ጎጆዋ አጠገብ ስሆን ትቼ እንድሄድ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በአተር የተሞላ የጨርቅ ከረጢት አመጣልኝ፤ ካሜራው እላዩ ላይ ሲቀመጥ ቀጥ ይላል። ከረጢቱ ስፌቱ ተተርትሮ አተሩ ይፈስ ነበር። እኔ ደግሞ መርፌ ይዤ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ቤት ወስጄ በወፍራም ሸራ አዲስ ሰፋሁለት። አሁን ለጓደኞቼ ሁሉ ሰፍቻለሁ፤ ስሜ «የአተሯ እትዬ» ሆኗል።

ጓሳም ሄደናል። መንዝ ጓሳን ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ያቆየው ሣር እንደሆነ ልጁ እዚያው ካሉት ሽማግሌዎች አፍ ነው ያስሰማን፤ ራሱ አላወራም። ጭላዳዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ፣ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ተረጋግቶ አይጥ ሲያድን አይተናል። ፎቶዬ ደብዛዛ ነው። አልተከፋሁም። በጀማ ሸለቆ ያለችውን፣ በዓለም ሌላ ቦታ ብዙም የማትገኘውን ቆቅ ለማየት ደግሞ መንገዱ ሲመች እንሄዳለን ብሏል። «መንገዱ ሲመች» የሚለው የዋዛ አይደለም፤ የአካባቢውን ሰዎች ደውሎ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጥ አይወጣም። አንዴ ጠዋት ተሰብስበን ሳለን «ዛሬ አንሄድም» ብሎ የከፈልነውን በሙሉ መልሶልናል። ሌላው ቢሆን ይመልስ ነበር? ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ዳገት ላይ ወርዳችሁ ልትገፉ ትችላላችሁ። ምሳ አያቀርብም፤ ስንቃችሁን ያዙ። ሲያወራ የመንዝ አነጋገሩ ይፈጥናል፤ ዝግ በል ብትሉት ግን ይሰማል። የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ለምስክር ወረቀት የምትመጡ ከሆነ አትምጡ፤ ያንን የሚሰጥ ሌላ ቦታ አውቃለሁ።

መምህር ሆይ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። እኔን ሰው መሃል ሳታሳፍር ወደ ቀኜ ስለዞርክ ብቻ ብመርቅህ ምርቃቴ አያልቅም። አሁን ጠዋት ጠዋት ኮሶዬ ሥር ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ልጄ በስልክ ስታየኝ «እማዬ ወጣት ሆንሽ» ትለኛለች። እሷም አንተን ታመሰግናለች።

እናንተም ሂዱ። የባዮሎጂ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለትምህርት ቤት ዋጋ እንደሚቀንስ ነግሮኛል። ጡረታ ወጥታችሁ ቤት የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ በተለይ እናንተ ሂዱ፤ ማንም «ለወጣት ነው» አይላችሁም። የሠርግ ፎቶ የምታነሱ ልጆች፣ እናንተም ሂዱ፤ ትዕግሥት ትማራላችሁ። ካሜራ የሌላችሁ አትፍሩ፤ ለመጀመሪያው ቀን ደብተርና እርሳስ ይበቃል፣ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽርም እየተቀባበልን ነው የምናየው። ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማና ቆሎ ያዙ። ደማቅ ቀይና ነጭ ልብስ አትልበሱ፤ ወፎቹ ከሩቅ ያዩዋችኋል። እንዳታረፍዱ፤ ከ12 ሰዓት አያሳልፍም፣ ትቷችሁ ይሄዳል።

የሚወስደው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። ከእኔ ተልካችሁ መሆኑን ንገሩት። የአተር ከረጢት ለምትፈልጉ እሰፋላችኋለሁ፤ ስፌቱ ነፃ ነው፣ አተሩን ግን ራሳችሁ ግዙ፣ ተወዷል።